በበዓል ወራት ቤተ ሰብ እንዳይለያይ

በፉሪ ለደብሩ የኢዮቤልዩ መታሰቢያ የተደረገ ንግግር



ኢዮቤልዩ የሚባለው ስም በኦሪት ዘሌዋውያን ተጽፎ ይገኛል። እስራኤል ሰባት ጊዜ ሰባት ዓመት ቈጥረው 49 ዓመት ከፈጸሙ በኋላ በ50ኛው ዓመት ቀንደ መለከት እንዲነፋ፥ ዓመቱም የተቀደሰ እንዲሆን ታዘዙ። ትእዛዙ ስለ ድግስና ስለ ጌጥ ብዙ አይናገርም፤ አጥብቆ የሚናገረው ስለ መመለስ ነው። ከድህነት የተነሣ ርስቱን የሸጠ ሰው ወደ ርስቱ፥ ራሱን ለሎሌነት የሰጠም ሰው ወደ ወገኑ እንዲመለስ ያዛል። እንግዲህ ኢዮቤልዩ በመጀመሪያ ትርጓሜው የተበተነ ቤተ ሰብ የሚሰበሰብበት ዓመት ነበረ ማለት ነው።

ነገር ግን የኢዮቤልዩ ዝግጅት በተጀመረበት ደብር ሁሉ የሚታየው ሥራ ከዚህ ትርጓሜ ጋራ ሁልጊዜ አይስማማም። አባት በኮሚቴ ስብሰባ፥ እናት በድግሱ ጓዳ፥ ሴት ልጅ በመዝሙር ልምምድ፥ ወንድ ልጅ በድንኳንና በወንበር ፍለጋ ሲደክሙ ሳምንቱ ያልፋል። ሁሉም የሚደክሙት ለአንድ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ሁሉም ግን ለየብቻ ይደክማሉ። ማታ ዘግይቶ የገባው ራቱን ለብቻው ይበላል፥ አስቀድሞ የገባው ተኝቷል። የቤተ ክርስቲያን ሥራ በመሆኑም ማንም ማንንም ለመውቀስ አይደፍርም። ነገሩን አስቸጋሪ የሚያደርገው ይህ ነው፤ ሰው ከመጠጥ ቤት አምሽቶ ቢገባ ሚስቱ ትናገረዋለች፥ ከሰበካ ጉባኤ አምሽቶ ቢገባ ግን ምን ትለዋለች?

ስለ ፉሪ ኑሮ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። ፉሪ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ምዕራብ የሚገኝ ሲሆን ስሙ የተራራውም የሰፈሩም ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ፥ ወደ እንጦጦ ከመውጣታቸው አስቀድሞ፥ በወጨጫና በፉሪ ሰፍረው እንደ ነበር በታሪክ ይነገራል። በዚያ ዘመን የነበረው የንጉሥ ሰፈር ዛሬ ተተክሎ ነገ የሚነቀል የድንኳን ከተማ ነበረ። ጭፍራው ሲጓዝ ሚስቱ፥ ልጆቹ፥ እንጀራ ጋጋሪይቱ፥ ምጣዱና መጁ ሳይቀር አብሮት ይጓዝ ነበር። የዚያ ዘመን ኑሮ ረሃቡና በሽታው ብዙ ስለ ነበረ መልሰው የሚመኙት አይደለም። ነገር ግን ሰውየው ቀን የትም ቢውል ማታ የሚገባበት ድንኳን የቤተ ሰቡ ድንኳን ነበረ።

የዛሬው የፉሪ ሰው ግን ቤቱ ባለበት ቆሞ እርሱ ብቻውን ይጓዛል። በመሀል ከተማ የቤት ኪራይ ስለ ከበደበት ወደ ሰበታ፥ ወደ ቡራዩ፥ ወደ ሱሉልታ፥ ወደ ፉሪም ወጥቶ ሰፈረ፤ እንጀራው ግን በመሀል ከተማ ቀረ። ስለዚህ ጎሕ ሳይቀድ ተነሥቶ በለቡ ወይም በጀሞ በኩል ወደ ሜክሲኮና ወደ መርካቶ ይወርዳል፥ ማታም የታክሲ ሰልፍ ጠብቆ ይመለሳል። በ2015 ዓ.ም. ሸገር ከተማ ሲመሠረት ፉሪ ከክፍለ ከተሞቹ አንዱ ሆነ፤ አስተዳደሩ ተለወጠ እንጂ መንገዱ አላጠረም። ደግሞም በመስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያና የጅቡቲ የምድር ባቡር የተመረቀው በዚሁ በፉሪ ለቡ ጣቢያ ነበረ። ከሰበታ ተነሥቶ እስከ ጅቡቲ 750 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሄድ መንገድ ነው። ይህ ባቡር ወደ ባሕር የሚያደርስ እንጂ ማለዳ ወደ መርካቶ የሚያደርስ አይደለምና፥ ታላቅ የባቡር ጣቢያ በአጠገቡ ያለው የፉሪ ሰው ዛሬም ቆሞ ታክሲ ሲጠብቅ ይታያል።

እንዲህ ያለው ቤተ ሰብ በተራው ቀን እንኳ በአንድነት የሚቀመጠው ጥቂት ሰዓት ነው። በዚህ ላይ የበዓሉ ወራት ይጨመራል። ከእንቁጣጣሽና ከመስቀል ጀምሮ ጽጌው፥ ኅዳር ሚካኤል፥ ኅዳር ጽዮን፥ ጾመ ነቢያትና ገና በየተራቸው ያልፋሉ፤ ከሁሉ ይልቅ የሚያጣድፈው ግን ጥር ነው። ጥር 10 ቀን ከተራ፥ በ11 ጥምቀት፥ በ12 ቃና ዘገሊላና የቅዱስ ሚካኤል ታቦት መመለሻ ነው። የጥምቀት በዓል በታኅሣሥ ወር 2012 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፥ የሳይንስና የባህል ድርጅት የዓለም ቅርስ ሆኖ ስለ ተመዘገበ ከሩቅ አገር የሚመጣው እንግዳ በዝቷል፥ የወጣቱም አገልግሎት እንደዚሁ በዝቷል። ከዚያም ሰርጉ ይጀመራል።

ሰርግ በጥር የሚጣደፍበት ምክንያት በባሕረ ሐሳብ ይታወቃል። ዐቢይ ጾም ከየካቲት 1 ቀን ቀድሞ አይገባም፥ ከመጋቢት 5 ቀንም አያልፍም፤ ጾመ ነነዌም ከርሱ ሁለት ሳምንት ቀድሞ ከጥር 17 እስከ የካቲት 21 ባለው ጊዜ ውስጥ ይውላል። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ሰርግ የለም። ስለዚህ ከቃና ዘገሊላ ጀምሮ እስከ ጾሙ መግቢያ ያለው ጊዜ ጾሙ ቀድሞ በሚገባበት ዓመት 20 ቀን አይሞላም፤ ዘግይቶ በሚገባበት ዓመት ደግሞ ከ50 ቀን ጥቂት ቢበልጥ ነው። የዓመቱ ሙሽራ፥ ከፋሲካ በኋላ ያለውን ሚያዝያና ግንቦትን ከሚጠብቀው በቀር፥ ሁሉም በዚህች ጠባብ ደጅ ሊገባ ይጋፋል። አንድ ቤት በአንድ ቅዳሜ ለሦስት ሰርግ ይጠራል። አባት ሽማግሌ ነውና በአንዱ፥ እናት የሙሽራይቱ አክስት ናትና በሌላው፥ ልጅ ሚዜ ነውና በሦስተኛው ይውላሉ። ታናናሾቹ ልጆች በጎረቤት ይቀራሉ፤ የመንፈቀ ዓመቱም የትምህርት ቤት ፈተና ብዙውን ጊዜ በዚሁ ሰሞን ይደርሳል። ዕድሩም ሐዘን እንጂ በዓል አያውቅምና በመካከሉ ጥሩምባ ይነፋል።

ይህ ሁሉ ኃጢአት አይደለም። ለዘመድ ሰርግ መሄድ፥ ሐዘንተኛ ማጽናናት፥ ታቦት ማጀብ መልካም ሥራ ነው። ክፉ ነገር ቤትን ሲያፈርስ ሰው ይነቃል፤ መልካም ነገር ተደራርቦ ቤትን ሲያራቁት ግን የሚነቃ ጥቂት ነው።

በቅዱስ ወንጌል ስለዚህ ነገር የተጻፈ ታሪክ አለ፤ ብዙ ጊዜ ተሰብኳል፥ ነገር ግን የበዓል ወራት ታሪክ መሆኑ እምብዛም አይታሰብም። እመቤታችንና ጻድቁ ዮሴፍ በየዓመቱ ለፋሲካ በዓል ወደ ኢየሩሳሌም ይወጡ ነበር። ጌታ የ12 ዓመት ልጅ ሳለ እንደ ልማዳቸው ወጡ፥ በዓሉም ሲፈጸም ተመለሱ፤ እርሱ ግን በኢየሩሳሌም ቀረ። የአንድ ቀን መንገድ እስኪሄዱ ድረስ አላወቁም። ያላወቁበትንም ምክንያት ወንጌላዊው ሉቃስ ገልጾ ጽፎታል፤ ከመንገደኞቹ ጋራ ያለ መስሏቸው ነበር። ወንዶች ለብቻ ሴቶችም ለብቻ በየጉባኤያቸው ይጓዙ ስለ ነበር ዮሴፍ ከእናቱ ጋራ ያለ መስሎት፥ እናቱም ከዮሴፍ ጋራ ያለ መስሏት ይሆናል ብለው የተረጐሙ አሉ።

ይህ ታሪክ ማንንም ሊያስነቅፍ አልተጻፈም። ከእነርሱ የሚበልጥ ቤተ ሰብ በምድር ላይ አልተገኘም፤ እንዲህ ያለውን ቤተ ሰብ እንኳ የበዓል ግርግር የአንድ ቀን መንገድ ከለየው በሌላው ቤት ምን ይደንቃል? በየቤቱ የሚሆነውም በትክክል ይኸው ነው። አባት ልጁ ከእናቱ ጋራ ያለ ይመስለዋል፥ እናትም ልጅዋ ከመዘምራን ጋራ ያለች ይመስላታል፥ መዘምራኑም ወደ ቤትዋ የሄደች ይመስላቸዋል። የጠፋው ልጅ እስኪፈለግ ድረስ እንደ ጠፋ የሚያውቅ የለም። በጥምቀት ዕለት በሰው ብዛት መካከል የእናቱን ነጠላ ለቅቆ የጠፋ ሕፃን እያለቀሰ ይፈለጋል፥ ቶሎም ይገኛል። የ15 ዓመት ልጅ ግን በቤት ውስጥ ተቀምጦ ሲጠፋ አያለቅስም።

ደግሞም ሌላ ነገር አለበት። ጌታ የተገኘው በሦስተኛው ቀን በቤተ መቅደስ፥ በመምህራን መካከል ተቀምጦ ነበር። የተቀመጠበት ስፍራ ከሁሉ የተቀደሰ ነበረ፤ እናቱ ግን በቤተ መቅደስ ስላገኘችው ፍለጋው ከንቱ ነበር አላለችም፤ እርስዋና ዮሴፍ ተጨንቀው ሲፈልጉት እንደ ነበር ነገረችው። እርሱም ከሊቃውንቱ ጉባኤ ተነሥቶ ከእነርሱ ጋራ ወደ ናዝሬት ወረደ፥ ይታዘዝላቸውም ነበር። ስለዚህ ልጃችን ያለው በቤተ ክርስቲያን ነውና አያሳስብም የሚል ወላጅ ይህን ክፍል ደግሞ ቢያነበው መልካም ነው። ልጅ በቤተ ክርስቲያን መዋሉ ደስ ያሰኛል፤ የት እንደ ዋለ፥ ከማን ጋራ እንደ ዋለ፥ ምን እንደ ተማረ መጠየቅ ግን የወላጅ ዕዳ ሆኖ ይኖራል።

በመጽሐፈ ሳሙኤል መጀመሪያም የበዓል ቤተ ሰብ ይገኛል። ሕልቃና ሁለት ሚስቶቹንና ልጆቹን ይዞ በየዓመቱ ወደ ሴሎ ይወጣ ነበር። መሥዋዕቱን ሲሠዋ ለፍናና፥ ለወንዶች ልጆችዋና ለሴቶች ልጆችዋ ሁሉ ድርሻ ድርሻቸውን ይሰጥ ነበር፤ ሐናንም ይወዳት ስለ ነበር የእርስዋን ድርሻ ያከብር ነበር። ነገር ግን ልጅ ያልነበራት ሐና በየዓመቱ የምታለቅሰው በዚያ በበዓል ላይ ነው፤ ፍናና በዓሉን ጠብቃ ታስቈጣት ነበርና።

ይህ ነገር በየአገሩ ያለ ነው። ዓመቱን ሙሉ የተሸፈነ ቁስል በበዓል ማዕድ ላይ ይገለጣል። ልጅ ያልወለደች፥ ሥራ ያጣ ጎልማሳ፥ ባልዋ የሞተባት፥ ልጅዋ በቤይሩት ወይም በሪያድ በሰው ቤት የምትሠራባት እናት፥ ሌላው በሚጨፍርበት ቀን ኀዘናቸው ይበረታል። የሕልቃና ምስጋና እዚህ ላይ ነው፤ በዚያ ሁሉ የበዓል ግርግር መካከል ሚስቱ እንዳልበላች አየ፥ ለምን እንደምታለቅስም ጠየቃት። ያጽናናበት ቃል እምብዛም የተሳካ አልነበረም፤ ከብዙ ልጆች እርሱ እንደሚበልጥባት ሊነግራት ሞከረ፥ ይህም ወንዶች ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት ስሕተት ነው። ማየቱ ግን ትልቅ ነገር ነበረ። በሰርግ ወራት ከባለ ቤቱ ጋራ በአንድ ማዕድ ያልተቀመጠ ሰው ማን እንዳልበላ ሊያይ አይችልም።

በዚያው ስፍራ ካህኑ ዔሊ ነበረ። ሐና በልብዋ ስትጸልይ ከንፈርዋ ሲንቀሳቀስ ድምፅዋ ግን ሳይሰማ ስለ ቀረ የሰከረች መሰለው። በበዓል ሰካራም ማየት የለመደ ካህን እንዲህ ቢያስብ አይፈረድበትም፤ ስሕተቱንም ባወቀ ጊዜ መርቆ አሰናበታት። የከበደው ኃዘኑ በገዛ ቤቱ ነበረ። የእስራኤልን ሕዝብ ሁሉ መሥዋዕት የሚቀበለው ዔሊ ሁለቱ ልጆቹ በመሥዋዕቱ ሥጋ ላይ የሚያደርጉትን ግፍ የሰማው ከሌላ ሰው አፍ ነው፥ በሰማም ጊዜ ዘግይቶ ነበር።

ለካህናት ቤት ይህ ታሪክ ቅርብ ነው። ሌላው ቤተ ሰብ በገናና በፋሲካ ሌሊት ጠግቦ ሲተኛ ካህኑ በማኅሌትና በቅዳሴ ቆሞ ያድራል። ሌላው ልጅ እሑድ ከአባቱ ጋራ ሲውል የካህኑ ልጅ አባቱን በመቅደስ ያየዋል፥ ከዚያም ክርስትናው፥ ተዝካሩ፥ ሰርጉ፥ ፍትሐቱ ይወስደዋል። ካህናት ይህን ዋጋ የሚከፍሉት ገና በልጅነታቸው ጀምረው ነው፤ ብዙዎቹ ዜማና ቅኔ ለመማር ከወላጆቻቸው ቤት ወጥተው፥ በጎጃምና በጎንደር ጎጆ ቀልሰው፥ ውሻ እየከለከሉ በቁራሽ ያደጉ ናቸው። ከቤተ ሰብ መለየትን ለትምህርት ሲሉ የታገሡ ሰዎች የገዛ ልጆቻቸውም እንደዚያው ሊታገሡላቸው የሚገባ ይመስላቸዋል። ልጁ ግን ያን ዋጋ ለመክፈል አልተጠየቀም። ምእመናን ካህኑ በሰርጋቸው ድንኳን እስከ ማታ እንዲቀመጥላቸው ሲለምኑ፥ ልመናው ክብር ነው፤ ደጅ ላይ የምትጠብቀውን የካህኑን ሚስት ቢያስቡ ግን ከምርቃቱ በኋላ በጊዜ ያሰናብቱታል።

ሐና ልጅዋን ለቤተ መቅደስ ከሰጠች በኋላ ያደረገችው ደግሞ ሳይነገር የሚታለፍ አይደለም። በየዓመቱ ለበዓሉ ስትወጣ ታናሽ መጐናጸፊያ ሠርታ ታመጣለት ነበር። ለማደጉ ልክ እንዲሆን በየዓመቱ ማስፋት ነበረባት፤ ሳታየው የልጅዋን ቁመት ትገምታለች ማለት ነው። ልጁን ለሌላ ስፍራ የሰጠ ወላጅ፥ ትምህርት ቤትም ቢሆን፥ ሩቅ አገርም ቢሆን፥ ይህን ያህል ካሰበለት የተለየ አይባልም።

ከመጽሐፍ ወደ አገር ልማድ ቢመለሱ ለፉሪ ሰው ቅርብ የሆነ ምሳሌ አለ። ከፉሪ በስተ ምዕራብ ዓለም ገና ላይ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ በሰበታ በኩል ወደ ወሊሶና ወደ ወልቂጤ፥ ሁለተኛው ወደ ቡታጅራ ይወርዳል። በየዓመቱ በመስከረም መጀመሪያ በሁለቱም መንገድ መኪናው ሰው ጢም ብሎ ሲሄድ ይታያል። በአዲስ አበባ የሚነግደው ጉራጌ ለመስቀል ወደ አባቱ ቤት መሄዱ ነው። ከነጋዴ ይልቅ ሥራ የሚበዛበት ሰው የለም፤ መስከረምም የገበያ ወር ነው። እርሱ ግን ሱቁን ዘግቶ ይሄዳል። ዓመቱን ሁሉ ወንዶቹ ለበሬው ገንዘብ፥ ሴቶቹም ቅቤውን በማኅበር ሲያጠራቅሙ ይከርማሉ። ከበዓሉም አስቀድሞ የተጣላ ይታረቃል፤ በአንድ ቤት ተኰራርፎ ክትፎ መብላት ነውር ነውና።

ከዚህ ልማድ የሚያስደንቀው የድግሱ ብዛት አይደለም፤ እንዲያውም ወጪው ከአቅም በላይ ሆኖ ተበድሮ የሚሄድ አለና ይህ የሚመሰገን አይደለም። የሚያስደንቀው ቀኑ አስቀድሞ መቈረጡ ነው። ነጋዴው መስቀል ሲደርስ ጊዜ ባገኝ እሄዳለሁ አይልም፤ ጊዜው ከዓመቱ መጀመሪያ ጀምሮ የተሸጠ ነውና ሌላ ሰው ሊገዛው አይችልም። በፉሪ ያለው ቤተ ሰብ ግን ለሰርጉ፥ ለማኅበሩ፥ ለዕቁቡ፥ ለስብሰባው ሁሉ ቀን ይቈርጣል፤ ለገዛ ማዕዱ ቀን አይቈርጥም። ያልተቈረጠለትን ቀን ደግሞ መጭው ሁሉ ይወስደዋል።

ስለ ማዕድም ሲነገር የቀደመውን ልማድ ሁሉ እንደ ወረደ ማመስገን አይገባም። በብዙ ቤት አባት ከእንግዶቹ ጋራ በመሶብ ዙሪያ ሲቀመጥ ልጅ ቆሞ መብራት ይይዝ፥ ውሃም ያስታጥብ ነበር፤ ትርፉ ሲተርፍ ይበላ ነበር። እናትም የምትበላው ሁሉ ከጠገበ በኋላ በጓዳ ነበረ። ይህ ሥርዓት ትሕትናን አስተምሯል፤ ነገር ግን ቤተ ሰቡ በአንድ ማዕድ ተቀመጠ ለማለት አያስደፍርም። የሚመሰገነው ሌላው ነው፤ አንዱ ሌላውን ሳይጠብቅ አለመብላቱ፥ ከጸሎት በፊት እጅ አለመዘርጋቱ፥ ታናሹ ከታላቁ እጅ ጉርሻ መቀበሉ። ጉርሻ ለተቀየመ ሰው አይሰጥም፥ ከተቀየመም ሰው አይቀበሉትም፤ ስለዚህ ቃል ያልተናገረውን ያሳያል።

ቡናም እንደዚሁ ነው። በቀደመው ዘመን ካህናት ቡናን ይነቅፉ ነበር፤ ዛሬ የሚነቅፈው ካህን ቢፈለግ በፉሪ የሚገኝ አይመስልም። አቦል፥ ቶና፥ በረካ እስኪፈጸም ያለው ጊዜ ሰው ሳይቸኵል የሚነጋገርበት ነው። የሚያሳዝነው የሰፈሩ ወሬ ሁሉ በሦስቱ ስኒ ሲነገር የቤቱ ልጆች ወሬ አለመነገሩ ነው። ስልኩም በዚህ ላይ ሁለት ሥራ ይሠራል፤ በዓረብ አገር ያለችውን ልጅ ከእናትዋ ጋራ ፊት ለፊት ያገናኛል፥ በአጠገብ የተቀመጠውን ልጅ ደግሞ ወደ ዓረብ አገር ያርቀዋል።

በዚህ ነገር ላይ የእናቶችን ድካም ሳይጨምሩ መናገር ግፍ ይሆናል። ለበዓል ቤተ ሰብ ይሰብሰብ ሲባል የሚሰበሰበውን ሁሉ የምታበላው እናት ናት። ጌሾ የሚወቀጠው፥ ጠላ የሚጠመቀው፥ ዶሮ የሚገነጠለው፥ ሽንኩርት የሚከተፈው በእርስዋ እጅ ነው፤ በሰርግ ወራት ደግሞ ለጎረቤትና ለዘመድ ድግስ እንጀራ ስትጋግር ታድራለች። ሁሉ በአንድነት ተቀምጦ እርስዋ ብቻዋን በጭስ ውስጥ ከቆመች ቤተ ሰቡ አልተሰበሰበም፥ አንድ ሰው ጎድሎታል። ወንድ ልጅ ሽንኩርት ቢልጥ፥ አባት ውሃ ቢቀዳ፥ ወጡም በሁለት ዓይነት ቢወሰን ክብር አይጐድልም። አብሮ መሥራት ደግሞ ከአብሮ መብላት የማያንስ ጨዋታ ያለበት ነው፤ እናትና ልጅ ፊት ለፊት ተቀምጠው የማይነጋገሩትን ጎን ለጎን ቆመው ሲልጡ ይነጋገሩታል።

ጻድቁ ኢዮብ ሰባት ወንዶችና ሦስት ሴቶች ልጆች ነበሩት። ወንዶቹ ልጆች በየቀናቸው በየቤታቸው ግብር ያደርጉ፥ እኅቶቻቸውንም ጠርተው አብረው ይበሉ ነበር። ኢዮብ በዚህ አልከለከላቸውም። የግብሩ ቀን ተራው ሲፈጸም ግን ልኮ ይቀድሳቸው፥ ማልዶም ተነሥቶ እንደ ቍጥራቸው መጠን መሥዋዕት ያቀርብላቸው ነበር። እንደ ቍጥራቸው መጠን መባሉን ማስተዋል ያስፈልጋል። ልጆች በጅምላ አልተቈጠሩም፤ ለእያንዳንዱ ለየብቻው ተቈጥሮለታል። እንደ ኢዮብ ያለ ባለ ጸጋ ብዙ ከብትና ብዙ ሥራ ነበረው፤ የልጆቹን ነገር ግን ለሎሌ አልተወም።

ይህን ሁሉ ከተናገሩ በኋላ ለወላጆች ምክር ብቻ ሰጥቶ መለያየት አይበቃም። ምእመናንን ቀንና ማታ የሚጠራው ደብሩ ራሱ ነውና፥ ደብሩም ሊያደርገው የሚችል ነገር አለ። የመዘምራን ልምምድ ከምሽቱ 12 ሰዓት በፊት ቢፈጸም፥ የሚፈጸምበትም ሰዓት ለወላጅ ሁሉ ቢነገር፥ ልጅቱ በመንገድ ላይ የዘገየችበትን ወላጅ ያውቃል፤ ዛሬ ግን ልምምድ ረዘመ የሚለው ቃል ሁሉን ይሸፍናል። ሕፃናት ካሉበት ቤት ባልና ሚስት በአንድ ማታ ለሁለት ስብሰባ ባይጠሩ መልካም ነው። ከሳምንቱም አንዲት ማታ፥ ስለ ምሳሌ ከዓርብ ጾም በፊት ያለችው የሐሙስ ማታ፥ ከሞትና ከበሽታ በቀር ምንም ስብሰባ የማይደረግባት ሆና ብትቈረጥ፥ ማኅበራቱና የዕድሩ ሹሞችም ቢስማሙበት፥ ነጋዴው ለመስቀል እንደሚያደርገው ያለ የተሸጠ ቀን ይሆናል። ከመርካቶ የሚመለሰው ሰው በዚያች ማታ ቢዘገይ እንኳ እንደሚጠበቅ ያውቃል።

የንስሐ አባቶችም ታላቅ ሥራ አላቸው። ቤተ ሰብን ሁሉ በአንድነት የሚያውቅ ከንስሐ አባት በቀር ሌላ ሹም የለም፤ መምህር ልጁን፥ አሠሪ አባቱን፥ ዕድር ስማቸውን ብቻ ያውቃል። ነገር ግን በበዓል ሰሞን ጠበል ሊረጩ ሲገቡ የሚያገኙት ብዙውን ጊዜ እናትን ብቻ ነው። ቀን አስነግረው፥ አባትና ልጆች ባሉበት ሰዓት ቢገቡ፥ ጠበሉን ከረጩም በኋላ ስኒው ቀርቦ ጥቂት ቢቀመጡ፥ የጐደለው ማን እንደ ሆነ ሳይጠይቁ ያዩታል።

የኢዮቤልዩው ዕለት ራሱ ቀርቧል። በቅዳሴው ወንዶች በአንድ ወገን፥ ሴቶች በሌላው ወገን መቆማቸው ጥንታዊ ሥርዓት ነው። ከቅዳሴ በኋላ በድንኳኑ ግን ሰው እንደ ማዕረጉ እንዲቀመጥ የሚያስገድድ ቀኖና የለም። እስከ ዛሬ በየድግሱ እንደሚታየው ሹማምንት ከፊት፥ ሽማግሎች ከመካከል፥ ሴቶች ከዳር፥ ልጆችም ከሁሉ በኋላ በውጭ ይቀመጣሉ። በዚህ በዓል ግን አስተናባሪዎቹ እያንዳንዱን ቤተ ሰብ አባትን ከእናት፥ ልጆችንም ከወላጆች ጋራ በአንድ መሶብ ቢያስቀምጡ፥ ቤተ ሰቡ በሩቅ አገር ያለበትም ሰው ብቻውን እንዳይቀር ከጎረቤቱ መሶብ ቢያስጠጉት፥ ካህናቱም ማዕዱን ከባረኩ በኋላ ወደየሚስቶቻቸውና ወደየልጆቻቸው መሶብ ቢሄዱ፥ ለዚህ የሚያስፈልገው የወንበሩን አሰላለፍ ከዋዜማው ቀን አስቀድሞ መለወጥ ብቻ ነው።